ባሕር ውስጥ ለመጥለቅ ሴኮ ይበቃኛል ወይስ ሮሌክስ ልቆጥብ?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም ነው የድሬ ልጆች? ሰዓት የምታውቁ ምከሩኝ። ለሥራ ጅቡቲ እመላለሳለሁ፤ ዘንድሮ እዚያው መጥለቅ መማር ጀምሬያለሁ። አንድ ልጅ ያገለገለች ሴኮ ኤስ ኬ ኤክስ 007 ሊሸጥልኝ ነው። ዱባይ ያለው ወንድሜ ደግሞ «ተው፣ ቆጥበህ ሮሌክስ ሰብማሪነር ግዛ፣ ለልጅህም ይተርፋል» ይለኛል። አባቴ ምድር ባቡር ሲሠራ የሚያስራት ሰዓት እስከዛሬ ትሠራለች፣ እኔም እንደሷ የሚቆይ ነው የምፈልገው። ሴኮዋ 200 ሜትር ትላለች፣ ሮሌክሱ 300። ውኃ ውስጥ ልዩነቱ ይታወቃል?

ሳቢያን፦
አቦ፣ 200 እና 300 የሚለውን እርሳው። ጀማሪ የሚፈቀድለት 18 ሜትር ነው፤ ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰው ቢበዛ 40 ሜትር ነው የሚወርደው። ሁለቱም ተርፏቸው ነው። ዋናው ሥራ የዳር ቀለበቱ፣ ማለትም መስታወቱን የከበበው፣ ውኃ ውስጥ ስንት ደቂቃ እንደቆየህ የምታይበት ነው፣ እሱም ሁለቱ ላይ አንድ ነው፤ ወደ ግራ ብቻ ይዞራል። ለምን መሰለህ? ድንገት ቢነካብህ ውኃ ውስጥ የቆየኸው ከእውነተኛው የበለጠ ሆኖ ይታይሃል እንጂ ያነሰ አይሆንም። ቶሎ ትወጣለህ ማለት ነው፣ አየር ሳያልቅብህ።

ልዩነቱ ያለው ከውኃ ውጪ ነው። የሴኮዋ ማሽን 7ኤስ26 በቀን 40 ሰከንድ ብትቀድም ወይም 20 ብትዘገይ ፋብሪካው ጤነኛ ናት ይላል። የአሁኑ ሰብማሪነር 2 ሰከንድ ነው፣ አውልቀህ ብታስቀምጠውም 70 ሰዓት ያህል ይሄዳል። መስታወቱ ሳፋየር ስለሆነ በቀላሉ አይጫርም። ቀለበቱም ሴራሚክ ነው፤ የሴኮዋ አሉሚኒየም ስለሆነ የኛ ፀሐይ ከጊዜ በኋላ ቀለሙን ያነሣዋል። ሮሌክስ ጥሩ ሰዓት ነው፣ አልዋሽህም። ግን ይኼ ሁሉ አንተን ባሕር ውስጥ አይጠቅምህም። በዋጋው ልዩነት ስንት ጊዜ ትጠልቅበታለህ!

መጋላ ነኝ፦
እኔ በራሴ የደረሰውን ልንገርህ ወንድሜ። ርካሽ የባትሪ ዳይቨር፣ የመጥለቂያ ሰዓት ማለቴ ነው፣ ነበረችኝ፣ ሁለት ዓመት ከባሕር አልተለየችም። ባትሪ ላስቀይር ሰጠሁ። ሠሪው ክዳኑን ከፍቶ ባትሪ ቀየረና ውኃ እንዳይገባ የሚከለክለውን ያንኑ የደረቀ ጎማ መልሶ ዘጋው። በሚቀጥለው ጉዞ ገና ወገቤ ድረስ ስገባ መስታወቱ ከውስጥ ላበ፣ ማታ ላይ ቆመች። በጣም ነው ያዘንኩት፣ የመጀመሪያ ደመወዜ ማስታወሻ ነበረች። ስለዚህ የሴኮም ሆነ የሮሌክስ ክዳን ከተከፈተ ጎማው ይቀየር፣ በግፊት ይፈተሽ። ከመግባትህ በፊት ሰዓቷን የምታስተካክልበት የጎን ቁልፍ እስከ መጨረሻው መጥበቁን በጣትህ አረጋግጥ። ስትወጣ በንጹሕ ውኃ እጠባት፣ ጨው ጎማውን ይበላል።

ሰዓት ሠሪ ነበርኩ፦
ልጄ፣ የመጋላዋ እህትህ ያለችውን ያዝ። እኔ የምጨምረው፣ ያቺ ሴኮ እ.ኤ.አ. በ2019 መመረት አቁማለች። ገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ከዚህም ከዚያም ተለቃቅመው የተገጣጠሙ ናቸው። ገልብጠህ ጀርባዋን እይ። 7ኤስ26-0020 የሚል ሊኖር ይገባል። የመለያ ቁጥሯ የመጀመሪያው አኃዝ የተሠራችበት ዓመት የሚያልቅበት ነው፣ ሁለተኛው ወሩ። መስታወቱ ስር ጭጋግ ካለ፣ ቢቀንስልህም አትግዛ። ሌላው፣ ይቺ ማሽን በእጅ አትሞላም። ቆማ ካገኘሃት ትንሽ ነቅንቃት፣ መሄድ አለባት።

ሮሌክሱን በተመለከተ፣ የገንዘብ ነገር ብቻ አይደለም። ሲያረጅ የሚያድሰው ሰው እዚህ አጠገብህ የለም፤ ዕቃው ወደ ውጭ ተልኮ ነው የሚመለሰው። የሴኮን ማሽን ግን እኔ ዓይኔ ሳይደክም በፊት በቀን ሦስት እከፍት ነበር። የአባትህ ሰዓት የቆየችው ውድ ስለሆነች ይመስልሃል? በየጊዜው የሚያጸዳላት ሰው ስለነበራት ነው።

የከዚራ ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም። አባቴን ጠየቅኩት፣ በየሁለት ዓመቱ ያስጠርጋት እንደነበር ነገረኝ፣ እኔ አላውቅም ነበር። ቅዳሜ ከፊራ ከልጁ ጋር ተቀጣጥረናል። ጀርባዋን ፎቶ አንሥቼ እዚሁ እለጥፋለሁ፣ ጋሼ ሳያዩት ገንዘብ አልሰጥም።