ቫሊ ፎርጅ፦ ስንዴ በሞላበት አገር ሠራዊት እንዴት ተራበ?

የማታ አንባቢ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ግራ የገባኝ ነገር ስላለ ነው የመጣሁት። ሰሞኑን ስለ አሜሪካ የነጻነት ጦርነት እያነበብኩ ነው። የጆርጅ ዋሽንግተን ሠራዊት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 19 ቀን 1777 ፔንስልቬንያ ውስጥ ቫሊ ፎርጅ ላይ ሰፈረ። እስከ ቀጣዩ ጁን ድረስ ወደ 2 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞተ፤ አብዛኛው በበሽታ። ገና በሰፈሩ በአራተኛው ቀን ዋሽንግተን ጦርነቱን ለሚመራው የአሜሪካኖች ምክር ቤት፣ ለኮንግረሱ፣ ሲጽፍ፣ ጫማና ልብስ አጥተው ለግዳጅ የማይበቁ 2,898 ወታደሮች እንዳሉት ገልጿል። ሥጋ ጭራሽ ያልቀመሱባቸው ቀናትም ነበሩ።

ፔንስልቬንያ ግን የስንዴ አገር ነበረች። ወፍጮው ሞልቷል፣ ከብቱም አለ። የማገኘው መልስ ሁሉ «ክረምቱ ከባድ ስለነበር» የሚል ነው። ብርድ ሰው ይገድላል እንጂ ዱቄት አያጠፋም። እህሉ የት ሄደ?

የጭነት ሰው፦

እህቴ፣ ጥያቄሽ ልቤን ነካው። ሥራዬ ጭነት ማሰማራት ነው። ዕቃው መጋዘን ሞልቶ፣ ተቀባዩ እየጮኸ፣ የሚያነሳው መኪና ጠፍቶ ያደርኩባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው። ስለዚህ የጦር ታሪክ ሳነብ መጀመሪያ የምቆጥረው ጋሪ ነው።

እህሉ የትም አልሄደም። የጠፋው አምጪው ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። በ1775 ኮንግረሱ ለአንድ ወታደር በቀን የደነገገው 1 ፓውንድ የበሬ ሥጋና 1 ፓውንድ ዳቦ ወይም ዱቄት ነበር፤ ሌላው ተጨማሪ ነው። ሁለቱ ብቻ 900 ግራም ገደማ ይሆናሉ። 11 ሺህ ሰው ካለ በየቀኑ 10 ቶን ማለት ነው። አራት ፈረስ የሚስበው ጋሪ 1 ቶን ያህል ቢጭን፣ በየቀኑ 10 ጋሪ መድረስ አለበት። በየቀኑ! መንገዱ ደርሶ መልስ 10 ቀን ከፈጀ ሁልጊዜ መንገድ ላይ 100 ጋሪና 400 ፈረስ ያስፈልግሻል። ይህ እንግዲህ አንድም ጋሪ ሳይሰበር፣ አንድም ፈረስ ሳያነክስ ነው። ከብት በእግሩ እየተነዳ ሊመጣ ይችላል፣ እሱ ያቃልላል። ዱቄት ግን እግር የለውም።

አሁን ዋናው ችግር ይመጣል። ፈረሱም ይበላል። ሥራ ላይ ያለ ፈረስ ድርቆሹና አጃው ተደምሮ በቀን 10 ኪሎ ገደማ ይፈልጋል። አራቱ 40 ኪሎ፣ በ10 ቀን 400 ኪሎ። መኖውን መንገድ ላይ ካላገኙ ከጭነቱ 40 በመቶ ያህሉ ለራሳቸው ይውላል። በክረምት ሣር የለም። ሠፈሩ አካባቢ ያለው ድርቆሽ ደግሞ ቶሎ አለቀ። በዚያ ክረምት በመቶዎች የሚቆጠሩ ፈረሶች ሞቱ። ፈረስ ሲሞት ጋሪ ይቆማል፣ ጋሪ ሲቆም ለቀሩት ፈረሶች መኖ የሚያመጣ አይኖርም። እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

ጋሪ ነጂዎቹም ሸክም ለማቃለል ብለው ከሥጋው በርሜል ሥጋው እንዳይበላሽ የሚያቆየውን የጨው ውኃ ያፈሱት ነበር። ሥጋው ሲደርስ ተበላሽቷል። ብዙ ሰው ይረግማቸዋል። እኔ ግን ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረ ጋሪና አጥንቱ የወጣ ፈረስ ይዞ የቆመው ሰውዬ ይታየኛል። ክፍያውም ዋጋው በየወሩ የሚወርድ የወረቀት ገንዘብ ነበር።

የወንዝ ዳር ልጅ፦

በጭነት ሰው ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ወንዝ። ጀልባ ብዙ ጋሪ የሚሸከመውን ብቻዋን ትሸከማለች፣ ድርቆሽም አትበላም። ነገር ግን እንግሊዞች ፊላደልፊያን በሴፕቴምበር 1777 ያዙ። በኖቬምበር ደግሞ የደላዌርን ወንዝ የሚጠብቁት የአሜሪካኖቹ ምሽጎች፣ ፎርት ሚፍሊንና ፎርት መርሰር፣ ወደቁ። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ መርከቦች እስከ ከተማዋ ይገቡ ጀመር። ለዋሽንግተን የቀረው ጭቃው መንገድ ነው።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ። ፊላደልፊያ ያለው እንግሊዝ በወርቅና በብር ይገዛል። ዋሽንግተን የኮንግረስ ወረቀት ነው የሚሰጠው። ገበሬው ልጆች አሉት፤ የቱን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው።

ችግሩ የአሜሪካኖች ብቻ እንዳይመስልሽ። በ1758 የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሬድሪክ ኦሎሙትስ የተባለችውን የኦስትሪያውያን ከተማ ከብቦ ሳለ ከ3 ሺህ በላይ ጋሪ ስንቅና ጥይት ይዞ ይመጣለት ነበር። ያን ያህል ጋሪ በአንድ መንገድ ሲሄድ ሰልፉ ምን ያህል እንደሚረዝም አስቢው፤ ዳር እስከ ዳር ማን ይጠብቀዋል? ጁን 30 ቀን ኦስትሪያውያን ዶምስታድል ላይ አድፍጠው መቱት። የደረሰው ጥቂቱ ብቻ ነው። ፍሬድሪክ በቀናት ውስጥ ከበባውን ትቶ ሄደ።

የማታ አንባቢ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የፈረሱን ሒሳብ ወረቀት ላይ ደግሜ ሠራሁት፤ ደነገጥኩ። ግን ይህን የሚመራ ኃላፊ አልነበረም?

የጭነት ሰው፦

ነበረ፣ ግን አልነበረም ማለት ይቻላል። የትራንስፖርትና የጓዝ ዋና ኃላፊው ቶማስ ሚፍሊን በ1777 መጸው ላይ ሥራውን ለቀቀ። የምግብ አቅራቢው ጆሴፍ ትራምቡልም ከዚያ በፊት፣ በጋው ላይ፣ ኮንግረሱ መሥሪያ ቤቱን እንደገና ሲያዋቅር ሄዷል። ክረምቱ የገባው ሁለቱም ሰዎች በሌሉበት ነው። የሚፍሊን ወንበር ሁነኛ ሰው ያገኘው በማርች 1778 ነው፤ ዋሽንግተን ከሚያምናቸው ጄኔራሎች አንዱ ናትናኤል ግሪን።

ግሪን ሥራውን አልፈለገውም። በታሪክ ውስጥ የጓዝ ኃላፊ ስም ሲነሳ የሰማ የለም ብሎ በምሬት ጽፏል። እውነቱን ነው፤ ይህን ሳነብ ለእሱም ለሥራ ባልደረቦቼም አዘንኩ። ግን ገባበት። ጋሪ አሰባሰበ፣ ፈረስ ገዛ፣ ሠራዊቱ ሊያልፍባቸው በሚችሉ መንገዶች ላይ ቀድሞ የመኖ መጋዘን አቋቋመ። ጁን 19 ቀን ሠራዊቱ ከቫሊ ፎርጅ ሲነሳ ጓዙ ተከትሎት ሄደ፤ በዘጠነኛው ቀን ኒው ጀርሲ ውስጥ ሞንማውዝ ላይ ከእንግሊዞች ጋር ተዋጋ።

ስለ ገንዘቡ የወንዝ ዳር ልጅ ያለው ልክ ነው። ጀርማያ ዋድስዎርዝ የሚባለውን ሰው ተከታተይው። ከ1778 ጀምሮ ለዋሽንግተን ሠራዊት ምግብ የሚገዛው እሱ ነበር፤ በወረቀት ገንዘብ ፍዳውን አየ። በኋላ አሜሪካኖችን ሊያግዝ ለመጣው ለፈረንሳዩ ጄኔራል ሮሻምቦ ጦር ምግብ መግዛት ጀመረ። ፈረንሳዮቹ የሚከፍሉት በብር ሳንቲም ነው። ገዢው ያው ዋድስዎርዝ፣ ሻጩም ያው የአሜሪካ ገበሬ ነበር፤ አሁን ግን እህሉ ወጣ።