ሦስተኛውን ቀን እንዴት እናሳልፈው?

ሰላም ወገኖች፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። በቀን ሥራ የሚያድሩ ሰባት ጎረቤቶቼ ሲጋራ ለማቆም ቆርጠዋል። ማታ ማታ ተሰብስበን እንበረታታለን። የምንሸነፈው ሦስተኛው ቀን ላይ ነው። ሱሱ የሚብሰው ያን ሰሞን ነው፤ ይነጫነጫሉ፣ እንቅልፍ ያጣሉ። ትናንት አንዱ በወረቀት የጠቀለላትን አንዲት ሲጋራ ከኪሱ አውጥቶ «በቃ አልቻልኩም» ብሎኝ ወጣ። አንጀቴን በላው።

የኒኮቲን ማስቲካና ፕላስተር እንደሚያግዝ አውቃለሁ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2009 እ.ኤ.አ. ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ግን ለዕለት ጉርስ ለሚሯሯጥ ሰው ከየት ይምጣ? በነፃ ወይም በቅናሽ ለማግኘት ማንን ልጠይቅ? ያገረሸበትንስ ሳላሳፍር እንዴት ልመልሰው? ራሳችሁ ያቆማችሁ፣ እባካችሁ፣ ያቺን ሦስተኛ ቀን እንዴት እንዳለፋችኋት ንገሩኝ።