4 ሌሊት፣ 16 ሊጥ፦ የዳቦ ሙከራዬን እንዴት ልንደፈው?

ጥያቄ | ኳሊቲ ከልደታ
ሰላም ለሁላችሁ። ልደታ አካባቢ ባለ ዳቦ ፋብሪካ ጥራት ቁጥጥር ላይ እሠራለሁ። ዳቦው አንድ ቀን ጥሩ ይነፋል፣ በማግስቱ ቁጭ ይላል። እስካሁን የምንሞክረው አንድ በአንድ እየቀየርን ነው። ዛሬ ውሃ፣ ነገ እርሾ። ምንም አልጠራልንም። አሁን ኃላፊዬ 4 ሌሊት ፈቅዶልኛል፤ በአንድ ሌሊት 4 ሊጥ ማቡካት እችላለሁ። መቀያየር የምፈልገው 5 ነገር ነው፦ ውሃ፣ እርሾ፣ የማቡኪያ ጊዜ፣ ኩፍ የሚልበት ጊዜ እና የኦቨን ሙቀት። የሙከራ ንድፍ (ሙከራን በስታቲስቲክስ ማቀድ) ኮሌጅ የተማርኩት መሠረታዊውን ብቻ ነው። የላቀውን ከየት ልጀምር? ሶፍትዌር የምንገዛበት በጀት የለንም።

መልስ | አምስት ኪሎ
እህቴ፣ 5ቱን በሁለት ሁለት ደረጃ (ዝቅተኛና ከፍተኛ) ሙሉ በሙሉ ብታጣምሪ 32 ሙከራ ይሆናል። ግማሹን በሥርዓት ብትመርጪ 16 ይበቃል። ያለሽም ልክ 16 ሊጥ ነው። አንድ በአንድ ስትቀይሩ ያመለጣችሁ ጥምር ውጤቱ ነው። ረጅም ማቡካት ውሃ የበዛበትን ሊጥ ሊጠቅም፣ ውሃ ያነሰውን ሊጎዳ ይችላል። ይሄ የሚታየው ሁለቱን አብረሽ ስትቀይሪ ብቻ ነው።
ለሶፍትዌሩ አትጨነቂ፣ አር (R) የሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ነጻ ነው። ንድፉን ኤፍአርኤፍ2 (FrF2) የሚባለው የአር ተጨማሪ ፓኬጅ ያወጣልሻል። ለንባብ የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኤንአይኤስቲ (NIST) በነጻ ያስቀመጠውን የምህንድስና ስታቲስቲክስ መመሪያ 5ኛ ምዕራፍ ያዢ።

መልስ | ጡረተኛ ከፒያሳ
ልጄ፣ 16ቱ ትክክል ነው፤ ግን ኦቨኑን አስቢበት። በዕጣ በወጣው ተራ ልሂድ ብትዪ በየሊጡ ኦቨን ማሞቅና ማቀዝቀዝ ሊኖርብሽ ነው። ማንም አይፈቅድልሽም። ስለዚህ ሙቀቱን በሌሊት ያዢው፦ ሁለት ሌሊት ዝቅተኛ፣ ሁለት ሌሊት ከፍተኛ። የትኛው ሌሊት የቱ እንደሚሆን በዕጣ ይውጣ። በየሌሊቱ ውስጥ ደግሞ የ4ቱን ሊጥ ተራ በዕጣ አውጪ።
ይሄ ስፕሊት ፕሎት (የተከፈለ መደብ) ይባላል። እኔ የኖርኩት በስንዴ ምርምር ነው፤ እዚያ የዕለት እንጀራችን ነበር። መስኖ በትልቁ መደብ ይያዛል፣ ዝርያ በውስጡ ይከፋፈላል። የስታቲስቲክስ ሊቁ ፊሸርም ይህን ዘዴ በ1920ዎቹ እንግሊዝ ባለው የሮዛምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ያዳበረው ለእርሻ ነበር። ኢንዱስትሪው በኋላ ነው የወሰደው።
ስትተነትኚ ተጠንቀቂ። የሌሊትና የሊጥ ስህተት፣ ማለትም ከሌሊት ሌሊትና ከሊጥ ሊጥ በአጋጣሚ የሚመጣው ልዩነት፣ ሁለት የተለያዩ ናቸው። አንድ አድርገሽ ከቆጠርሽ ኦቨኑ ሳይሠራ የሠራ ይመስልሻል፣ የሊጡ እውነተኛ ውጤት ደግሞ ይደበቅብሻል። በተጨማሪ ሁለት ጥምር ውጤቶች ከሌሊት ልዩነት ጋር መቀላቀላቸው አይቀርም፤ የማያሳስቡሽን ሁለት ምረጪ። በ4 ሌሊት ስለ ኦቨኑ የምታገኚው መረጃ ቀጭን ነው። ስለ ሌሎቹ አራቱ ግን ደህና ታውቂያለሽ።

መልስ | ዳታ ልጅ
ለምን ዴፊኒቲቭ ስክሪኒንግ የሚባለውን ንድፍ አትሞክሪም? በ2011 ጆንስና ናክትሻይም ያመጡት ነው። 6 ነገር በ13 ሙከራ ብቻ ያያል፣ ሦስት ደረጃ ስላለው ውጤቱ ቀጥ ብሎ ሳይሄድ መሐል ላይ መጉበጡንም ያሳያል።

መልስ | ጡረተኛ ከፒያሳ
ጎበዝ፣ ንድፉ ግሩም ነው። ግን በዚያ ንድፍ የኦቨኑ ሙቀት በሦስት ደረጃ ከሊጥ ሊጥ ይቀያየራል። ለእሷ መጀመሪያ የሚያስፈልጋት ኦቨኗን የሚያከብር ንድፍ ነው። መጉበጡን ለማየት በሚቀጥለው ዙር የመሐልና የዳር ነጥቦች (በደረጃዎቹ መሐልና ዳር ላይ የሚሠሩ ሊጦች) ትጨምራለች። ተመራማሪዎቹ ቦክስና ዊልሰን በ1951 ያሳዩት መንገድ ነው፣ አር ላይ አርኤስኤም (rsm) የሚባል ፓኬጅ አለው።

መልስ | ጋጋሪ ከካዛንቺስ
እኔ ስታቲስቲክስ አልተማርኩም፤ ስለ ዳቦው ግን ልናገር። ለ4ቱም ሌሊት የሚበቃ ዱቄት ከአንድ ወፍጮ፣ ከአንድ ጭነት ለይተሽ አስቀምጪ። ዱቄቱ መሐል ላይ ከተቀየረ ልፋትሽ ገደል ገባ። ደረጃዎቹንም ከውጭ አገር የምግብ አሠራር አትቅጂ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ሊጥም ቶሎ ኩፍ ይላል።
የዳቦውን ይዘት በዓይን አትገምቺ። ከመርካቶ ጎመን ዘር ግዢ። ዕቃ በዘሩ ሞልተሽ ለኪ፣ ከዚያ ዳቦውን ውስጡ አድርገሽ ሙዪው። የተረፈው ዘር የዳቦው ይዘት ነው።

ጠያቂ | ኳሊቲ ከልደታ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ሁለት ነገር ቀረኝ። ከአንድ ሊጥ 10 ዳቦ ብለካ 160 መረጃ አለኝ ማለት ነው? መብራት ቢጠፋስ?

መልስ | አምስት ኪሎ
አይደለም። ከአንድ ሊጥ የወጡ ዳቦዎች አንድ ሙከራ ናቸው። አማካያቸውን ያዢ፤ ለትንተና ያለሽ 16 ቁጥር ነው። መብራቱ አንድ ሊጥ ላይ ከጠፋ፣ ኦቨኑ ወደ ሙቀቱ ሲመለስ ያንን ሊጥ በዚያው ሌሊት ድገሚው። ሌሊቱ ሙሉ ከተበላሸ ግን 4ቱንም በሌላ ሌሊት ሥሪ። እያንዳንዱ ሙቀት ያለው ሁለት ሌሊት ብቻ ስለሆነ አንዱን መተው አይቻልም። ከመጀመርሽ በፊት ኃላፊሽን አንድ መጠባበቂያ ሌሊት ጠይቂው።