ለ77 ዓመት እናትና ለ82 ዓመት አባት የጉዞ ኢንሹራንስ፦ ከደሴ ወደ ጀርመን

የጦሳ ልጅ
ሰላም ለእናንተ ይሁን። እናቴ 77፣ አባቴ 82 ዓመታቸው ነው። እህቴ ዘንድ ሃምቡርግ ለ60 ቀን ሊሄዱ ነው። የቪዛ ቀጠሯቸው ከአንድ ወር በኋላ አዲስ አበባ ነው። እናቴ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። የሁለቱን አንድ ላይ ሳስጠይቅ የተነገረኝ ዋጋ አስደንጋጭ ነው። ርካሹን ብይዝ ቪዛ ያስከለክላል? ደሴ ላይስ መጨረስ ይቻላል?

ቦርከና
አብሽር፣ ርካሽ ስለሆነ ብቻ ማንም አይከለክልህም። ለሸንገን (ጀርመንን ጨምሮ በአንድ ቪዛ ለሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ቪዛ የሚታየው ሽፋኑ ከ30,000 ዩሮ አለማነሱ፣ በሁሉም የሸንገን አገሮች መሥራቱና የቆይታውን ቀን በሙሉ መያዙ ነው። ድንገተኛ ሕክምናን፣ ሆስፒታል መተኛትን፣ በሕመም ምክንያት ወደ አገር መመለስንና ሞት ቢያጋጥም አስከሬን መላክንም መሸፈን አለበት። እነዚህ ሰርተፍኬቱ ላይ በግልጽ ተጽፈው ይታዩ።

ደሴ ላይ ይጨረሳል። የኢትዮጵያ መድን ድርጅትም የግል ኩባንያዎችም እዚያው ቅርንጫፍ አላቸው። የፓስፖርት ኮፒና የጉዞ ቀን ይዘህ ቢያንስ ሦስት ጋ ዋጋ ጠይቅ። ለ82 ዓመት ሰው ቅርንጫፉ ራሱ ሳይወስን ለዋናው መሥሪያ ቤት ሊልከው ስለሚችል የመጨረሻውን ሳምንት አትጠብቅ።

ዋጋውን የሰቀለው ምን እንደሆነ ለማየት ለየብቻ አሠራላቸው። አንድ ፖሊሲ (የኢንሹራንስ ውል) ላይ ሲገቡ የእናትህም አረቦን፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የሚከፈለው ገንዘብ፣ በአባትህ ዕድሜ ሊሰላ ይችላል። ደግሞ «ዓለም አቀፍ» የሚለውን ተሰጥቶህ እንዳይሆን። እሱ አሜሪካና ካናዳን ስለሚጨምር ውድ ነው፤ ለእናንተ የሸንገኑ ይበቃል።

ቅጹ ላይ ደግሞ የትውልድ ዘመን ተጠንቀቅ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በ1940 ዓ.ም. የተወለዱ እናት ፓስፖርታቸው ላይ 1947 ወይም 1948 ነው የሚለው። ቅጹ ላይ 1940 ብለህ ከሞላህ ሰባት ስምንት ዓመት ትጨምርባቸዋለህ፤ ከ80 በላይ ካሉት ጋር ይመደቡና ከፍለህ ስታበቃ ሰርተፍኬቱ ከፓስፖርቱ ጋር አይገጥምም። የስማቸው ፊደልም እንደ ፓስፖርቱ ይሁን፤ አንዲት ፊደል ብትለያይ እዚያው ቅርንጫፉ ያስተካክሉልህ።

አዝዋ ገደል
ቦርከና ያለው ለቪዛው ልክ ነው። ግን ቪዛ የሚያስገኝ ወረቀትና ሲታመሙ የሚከፍል ኢንሹራንስ አንድ አይደሉም። ርካሾቹ አብዛኛውን ጊዜ «ቀድሞ የነበረ በሽታ አይሸፈንም» ይላሉ። እናትህ እዚያ እግራቸው ቢሰበር ይከፈላል፤ ስኳራቸው ወጥቶ ሆስፒታል ቢተኙ ግን ላይከፈል ይችላል። ስለዚህ ከዋጋው በፊት የማይሸፈኑትን የሚዘረዝረውን ገጽ ስጡኝ በል። የነበረ በሽታ ድንገት ሲባባስ እስከ ስንት ዩሮ እንደሚሸፍን ጠይቀህ ገንዘቡን በጽሑፍ ተቀበል። በቃል «ይሸፍናል» መባሉ ዋጋ የለውም።

በሽታውን መደበቅ ደግሞ የባሰ ነው። ሲታመሙ ኩባንያው የሕክምና ታሪካቸውን ይጠይቃል፤ ያልተነገረ ነገር ካገኘ ሌላውንም ካሳ ለመከልከል ምክንያት ይሆነዋል።

ከሚከታተላቸው ሐኪም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ ይያዙ። በሽታው፣ የመድኃኒቱ ስም ከነመጠኑ (ሜትፎርሚን፣ አምሎዲፒን እየተባለ) ይጻፍበት። መድኃኒቱ ለ60 ቀን ሳይሆን ለ75 ቀን ይሁን፣ ከነማሸጊያው፣ በእጅ ሻንጣ። ኢንሱሊን ከሆነ ሻንጣ ክፍል ሊቀዘቅዝና በረዶ ሊሠራ ስለሚችል በፍጹም አትላኩት፤ በረዶ የመታው ኢንሱሊን ይጣላል።

ከኤልበ ማዶ
የጀርመኑን ወገን ልጨምር። እህትህ የወጪ ኃላፊነት ፈርማ ከሆነ (እዚህ ፈርፍሊሽቱንግስኤርክሌሩንግ የሚሉት) ኢንሹራንሱ ያልከፈለው የሆስፒታል ሂሳብ ወደ እሷ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ጥቂት ብር ለማትረፍ ስትል አንተ የመረጥከው ርካሽ ወረቀት ባለዕዳ የሚያደርገው እሷን ነው። አብራችሁ ወስኑ።

እሷ በካርዷ ከጀርመን የእንግዳ ኢንሹራንስ ልትገዛላቸውም ትችላለች። የእናትህ ሊረክስ ይችላል። የአባትህ ግን ብዙዎቹ የዕድሜ ጣሪያ ስላላቸው ያስቸግራል። እናትን ከዚህ፣ አባትን ከደሴ መግዛት ምንም ክልክል የለውም።

ቀኑን ከበረራው ጋር አስተያዩት። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት የሚሄደው አውሮፕላን ብዙ ጊዜ ማታ ተነሥቶ ንጋት ላይ ነው የሚደርሰው፤ ሽፋኑ ከአዲስ አበባ ከሚነሡበት ቀን ይጀምር። መጨረሻው ላይም ጥቂት ቀን ትርፍ ይኑረው፤ በረራ ቢሰረዝ ወይም አንዳቸው ቢያማቸው ከሄዱ በኋላ ማራዘም ላይቻል ይችላል። አረቦኑ በቀን እርከን ስለሚሰላ 60 ቀንና 62 ቀን ዋጋቸው አንድ ሊሆን ይችላል።

የጦሳ ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ። ለየብቻ አሠርቼ እመለሳለሁ። ቪዛው ቢከለከልስ ገንዘቡ ይመለሳል?

ቦርከና
አብዛኞቹ የአገልግሎት ክፍያ ቀንሰው ይመልሳሉ፤ ግን የክልከላውን ደብዳቤ ሽፋኑ ከመጀመሩ በፊት ካመጣህ ነው። ከመክፈልህ በፊት ጠይቅና ደረሰኙን አትጣል፤ ዋናውን ሰርተፍኬትም መልሱ ይሉህ ይሆናል።

አዝዋ ገደል
አንድ የረሳሁት፦ ፖሊሲው ላይ ያለውን የ24 ሰዓት ስልክ ቁጥርና የፖሊሲውን ቁጥር በካርቶን ጽፈህ በየፓስፖርታቸው ውስጥ ክተት፣ ለእህትህም ላክላት። ሕመሙ ለሕይወት የማያሰጋ ከሆነ ሆስፒታል ከመተኛታቸው በፊት መደወል አለባት። ሳይደወል የተከፈለ ሂሳብ ነው በኋላ «ፈቃድ አልጠየቃችሁም» ተብሎ የሚመለሰው። አጣዳፊ ከሆነ መጀመሪያ አምቡላንስ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ስልክ።