የማይዝገው ብረት ዛገ፤ ምን ይሻላል?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከደሴ ነው። የእስቲንለስ ማጠቢያ ገንዳውና የምድጃው ፊት ቡናማ ነጠብጣብ አወጡ። መነሻው ይታወቃል፦ በረኪና ሳይታጠብ አድሮባቸዋል፣ በሽቦም ተፈትገዋል። ክሎሪኑ መከላከያውን ስስ ሽፋን ይበሳል፤ የሽቦው ብናኝ ደግሞ ራሱ ይዝጋል።

3 ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በ1 ማንኪያ ውሃ ለውሼ፣ 20 ደቂቃ አቆይቼ፣ የብረቱን መስመር ተከትዬ በስፖንጅ አሸሁ። ገንዳው ጠራ። ምድጃው ግን በ3 ቀኑ መልሶ ቀላ፤ በጥፍር ሲዳሰስ ተቦርቡሯል። ማግኔት ይይዘዋል፣ ኒኬል የሌለው፣ ቶሎ የሚዝገው ዓይነት ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ሲትሪክ አሲድ ልሞክር ነው (በረኪናው ጨርሶ ከታጠበ በኋላ፤ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው)። ለ1 ሊትር ሙቅ ውሃ ስንት ግራም፣ ለስንት ደቂቃ? የተቦረቦረውስ በ400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ቢፈተግ ይሻለዋል ወይስ ይብስበታል? ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሲትሪክ አሲድ የሚሸጥበትን የምታውቁ ጠቁሙኝ።