የገና ስጦታ ከሕሊናዬ ጋር ሳያጣላኝ እንዴት ልግዛ?

ባተሌዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ለገና ለ14 ሰው ስጦታ መግዛት አለብኝ። ለልጆቼ፣ ለወንድሞቼ ልጆች፣ ለአማቴ፣ ለሥራ ባልደረቦቼ። አምና ሁሉንም በአንድ ከሰዓት ገዝቼ ጨረስኩና ራሴን አደነቅኩ። በሦስተኛው ቀን የልጄ መኪና ጎማው ወለቀ፣ የወንድሜ ልጅ አሻንጉሊት ድምጿ ጠፋ። እኔ ደግሞ ያንን ሁሉ ማሸጊያና የሚያብለጨልጭ ወረቀት በከረጢት ሞልቼ ወደ ቆሻሻው ስጎትት «የጌታ ልደት እንግዲህ ይሄ ነው?» አልኩ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር እየከነከነኝ ነው። ያ ሁሉ ዕቃ እንዲህ የረከሰው ማን ሳይከፈለው ቀርቶ ነው?

ስለዚህ ንገሩኝ። ዕቃው በሰው ግፍ እንዳልተሠራ በምን አውቃለሁ? ልጆቹን ሳላሳዝን ስጦታ መቀነስ ይቻላል? አማቴንስ «በስምዎ ለድሃ ሰጥቻለሁ» የሚል ካርድ ብሰጣት ታኮርፋለች? እባካችሁ ስብከቱ ይቅርብኝ። ራሴ ለራሴ ሰብኬ ጨርሻለሁ።

መርፌና ክር

እህቴ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ስለማውቀው ልንገርሽ። አንድ ሸሚዝ ለመስፋት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ስለማውቅ አንዳንዱን ዋጋ ሳይ ሆዴ ይረበሻል። የጨርቁ፣ የክሩ፣ የቁልፉ፣ የማጓጓዣው፣ የሻጩ ትርፍ ሲቀነስ ለሰፊዋ ምን ተረፈ?

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 24 ቀን 2013 ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ የሚባለው ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰው ሞቷል። አብዛኞቹ ልብስ ሰፊዎች ናቸው። በዋዜማው ግድግዳው ተሰንጥቆ ታይቷል እኮ። ታች ያለው ባንክና ሱቆቹ ሲዘጉ ሰፊዎቹ ግን ሥራ ግቡ ተባሉ። እኔ ያን ጊዜ ነው ልብስ ስገዛ መጠየቅ የጀመርኩት።

ምን ልጠይቅ ካልሽኝ፣ የድርጅቱን ድረ ገጽ ክፈቺና የሚያሠራባቸውን ፋብሪካዎች በስም ዘርዝሮ እንደሆነ እይ። «ለሠራተኞቻችን እናስባለን» የሚለው ጽሑፍ ለእኔ ምንም አይደለም። ስምና አድራሻ የሚያወጣ ድርጅት ግን ሌላ ሰው ሄዶ እንዲያየው ፈቅዷል ማለት ነው። የጥጥ ልብስ ከሆነ መለያው ላይ ጎትስ (GOTS) የሚባለውን የማረጋገጫ ምልክት ፈልጊ። ጥጡ ያለ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ መመረቱን ብቻ ሳይሆን የሠራተኛውን ሁኔታም ያካትታል። ከዚያ ልብሱን ገልብጪውና ውስጡን እይ። ስፌቱ ጥቅጥቅ ያለ ነው? ዳሩ ይተረተራል? ትርፍ ቁልፍ አለው? ጥሩ ስፌት ጥሩ ደመወዝ ማለት አይደለም፣ እሱን አልዋሽሽም። ግን አሥር ዓመት የሚለበስ ሹራብ በሁለት ወር ከሚጣል አምስት ሹራብ ይሻላል።

ያገለገለ ልብስም አትናቂ። እኔ ቁልፍ ቀይሬ፣ ገበሩን አድሼ፣ ተኩሼ ስሰጥ ማንም አሮጌ ነው ያለኝ የለም።

ቀጭን ኪስ

ይቅርታ ግን ይሄ ውይይት ሁሌ ብር ላለው ሰው ነው የሚደረገው። ምልክት ያለበት ዕቃ ውድ ነው። እኔ ተማሪ ነኝ። ርካሹን ስለገዛሁ ግፈኛ ልባል ነው?

የሦስቱ አባት

ኧረ ማንም አላለህም ወንድሜ። ዋናው ነገር ቁጥሩን መቀነስ ነው፣ እሱ ደግሞ ብር አያስወጣም። እኛ ቤት ትልልቆቹ እጣ እናወጣለን። ስም በወረቀት ተጽፎ ይታጠፋል፣ አንድ ሰው ለአንድ ሰው ብቻ ይገዛል። ባተሌዋ ከዚያ 14 ውስጥ ግማሹን በዚህ ትገላገያለሽ። ባልደረቦችሽ እኮ እነሱም ተጨንቀው ነው የሚገዙልሽ፣ አንድ ሰው ደፍሮ እንዲጀምርላቸው ነው የሚጠብቁት።

የልጆቹን በተመለከተ እኔ ተሳስቼ ነው የተማርኩት። አንድ ዓመት በድንገት «ዘንድሮ ስጦታ የለም፣ ለድሆች ነው የምንሰጠው» ብዬ አወጅኩ። ትንሿ አለቀሰች። ትልቁ ደግሞ «አንተ ግን አዲስ ስልክ ገዝተሃል» አለኝ። አፌን ያዘኝ። ልክ ነበር! የራሴን ሳልነካ የእነሱን ነበር የሰጠሁት። በቀጣዩ ዓመት ከሁለት ወር በፊት አብረን ተቀምጠን ተነጋገርን። ለእያንዳንዳቸው ከልብ የሚፈልጉት አንድ ነገር፣ ከዚያ ደግሞ አብረን የምናደርገው አንድ ነገር። ትልቁ ከእኔ ጋር ብቻውን አንድ ቀን መዋል መረጠ። እስከ ዛሬ የሚያወራው ስለዚያ ቀን ነው፣ ያን ዓመት ያገኘውን ዕቃ ግን እኔም ረስቼዋለሁ።

ያገለገለ መጫወቻ ከገዛችሁ ግን ተጠንቀቁ። እንደ ቁልፍ ክብ የሆነችው ትንሿ ባትሪ ያለችበት ከሆነ ክዳኑ በብሎን የሚታሰር መሆን አለበት። ሕፃን ከዋጣት በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ልታቃጥል ትችላለች። ቀለሙ የሚላላጥ የድሮ መጫወቻም ተዉት፣ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ማዕድን ሊኖርበት ይችላል። መጽሐፍ፣ የእንጨት ግጥምጥም፣ ብስክሌት፣ እነዚህን ያገለገለ ስገዛ ምንም አልገጠመኝም።

ተጠራጣሪው

እኔ ምልክት የሚባለውን ነገር ማመን ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ቸኮሌት ላይ ያለውን፣ ለገበሬው ተገቢ ዋጋ ተከፍሏል የሚለውን የፍትሐዊ ንግድ ምልክት እዩ። አጠገቡ ትንሽ ቀስት ካለች ጀርባውን አንብቡ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ የምታገኙት ከገበሬው የተገዛው ካካዎ ፋብሪካ ውስጥ ከሌላው ጋር ሊደባለቅ እንደሚችል ነው። መጠኑ በመዝገብ ይመዛዘናል እንጂ በእጃችሁ ያለው ቸኮሌት ከዚያው ገበሬ ፍሬ ላይሆን ይችላል። ታዲያ ምኑን ነው የገዛሁት?

ደግሞስ ለምን አንተወውም? ስጦታ የሚባለው ሁሉ ቀርቶ ገንዘቡ ለተራበ ቢሰጥ አይሻልም? ክርስትና ይሄ አይደለም?

የድሮ መምህር

ልጆች፣ ስብከት ይቅር ስለተባለ አሳጥራለሁ።

ተጠራጣሪው ልጄ፣ ስለ ቀስቷ ያልከው እውነት ነው። ነገር ግን ገበሬው በምልክቱ ለሸጠው መጠን ተጨማሪ ክፍያ ለማኅበሩ ይደርሳል። አንተ ያገኘኸው ፍሬ ተደባልቆ ይሆናል፣ የእሱ ገንዘብ ግን አልተደባለቀም። የካካዎን ነገር ደግሞ ቀላል አታድርገው። ከዓለም ካካዎ ከግማሽ በላይ የሚመጣው ከኮትዲቯርና ከጋና ነው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ጥናት በሁለቱ አገሮች ካካዎ በሚመረትባቸው አካባቢዎች ወደ 1.56 ሚሊዮን ሕፃናት በካካዎ ሥራ ላይ በሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ ውስጥ ነበሩ። ምልክቱ ይህን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ግን ምንም ከማይጠየቅ ሻጭ፣ መጠየቅን የፈቀደ ሻጭ ይሻላል።

ይህን የፍትሐዊ ንግድ ሥራ ከጀመሩት መካከል የእምነት ሰዎች እንደነበሩም እወቁ። ኤድና ሩት ባይለር የተባለች የሜኖናይት (የፕሮቴስታንት ክርስቲያን ወገን) ሴት እ.ኤ.አ. በ1946 ፖርቶ ሪኮ ሄዳ ጥልፍ የሚጠልፉ ድሆች ሴቶች አየች። ሥራቸውን ይዛ ተመልሳ በመኪናዋ ዕቃ መጫኛ እየዞረች ትሸጥላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 ኔዘርላንድስ ውስጥ የመጀመሪያው የፍትሐዊ ንግድ ምልክት ሲወጣም ከጀማሪዎቹ አንዱ ሜክሲኮ ውስጥ ከቡና ገበሬዎች ጋር ይኖር የነበረ ቄስ ነው። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 የተቀማ የአጫጆች ደመወዝ ይጮኻል ይላል አይደል? እነዚህ ሰዎች ጩኸቱን ሰምተው ነው።

«ለድሃ ቢሰጥ» ላልከው ደግሞ ይህን ቃል ማን እንደተናገረው ዮሐንስ 12ን ተመልከት። ማርያም ውድ ሽቱ በጌታ እግር ላይ ስታፈስ ተሸጦ ለድሆች ለምን አልተሰጠም ያለው ይሁዳ ነው። አንተን ይሁዳ ማለቴ አይደለም፣ አትቆጣ። ለሚወዱት ሰው መስጠትና ለድሃ መስጠት አይጣሉም ለማለት ነው።

ተጠራጣሪው

አልተቆጣሁም መምህር፣ ግን በደንብ ነው የወጉኝ።

መርፌና ክር

ስለ አማት ካርድ እኔ አስተያየት አለኝ። ፍየል ወይም ዶሮ ለድሃ ቤተሰብ ተሰጠ የሚለውን ካርድ አማቴ ከዓመታት በፊት ተቀብላ «ፍየሏ የት አለች?» ብላ ጠየቀች። ሳቅን፣ ግን ውስጧ ቅር ብሏት ነበር። የእሷ ስጦታ መስሎ የእኔ ጽድቅ ነበር። በሰው ስም ከመስጠታችሁ በፊት ሰውየው ራሱ የሚወደው ጉዳይ መሆኑን ጠይቁ። ደግሞ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን አንብቡ፣ ብዙ ጊዜ ፍየሏ ምሳሌ ናት፣ ገንዘቡ ወደ ጠቅላላ ሥራቸው ነው የሚሄደው። ይሄ ክፋት የለውም፣ ግን እያወቃችሁ ስጡ።

የሦስቱ አባት

ልክ። የድሃውን ደግሞ ለብቻ በዝምታ መስጠት ይቻላል። ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ ተብሏል፣ ካርድ ሳይታተምበት።

ቀጭን ኪስ

እሺ ለእኔስ? እጄ ላይ ያለው ጊዜ ብቻ ነው።

የድሮ መምህር

አንተ ሀብታም ነህ እንጂ! ጊዜ ያለው ሰው ጠፍቷል። ያንተን ሁለት ሰዓት የምትፈልግ ብቸኛ አያት፣ ሒሳብ የከበደው የጎረቤት ልጅ፣ ሕፃኗን ሰው ይዞላት መተኛት ያማራት እናት አለች። ግን ቀን ቆርጠህ ጻፍላቸው። «አንድ ቀን እመጣለሁ» ስጦታ አይደለም። ዳዊትም ምንም ያላስከፈለኝን መሥዋዕት ለአምላኬ አላቀርብም ብሎ ነበር። የሚያስከፍለው ሁልጊዜ ብር አይደለም።

መርፌና ክር

ስለ ማሸጊያውም ልጨምር፣ ባተሌዋ ያነሳሽው ነውና። ወረቀቱን በእጅሽ ጨብጠሽ ጨምድጂው። ተመልሶ ከተዘረጋ ፕላስቲክ ወይም ፎይል አለበት፣ መልሶ ወረቀት አይሆንም። የሚያብለጨልጭ ብናኝ ያለበትም እንደዚያው። ተጨምዶ ከቀረ ይሆናል። እኔ በትርፍራፊ ጨርቅ ነው የማሽገው። ጃፓኖች ፉሮሺኪ ይሉታል፣ ጨርቁ ራሱ በሚቀጥለው ዓመት ይዞር ይሆናል።

ባተሌዋ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጣችሁ፣ እንዲህ ትረዱኛላችሁ ብዬ አልጠበቅኩም። ዛሬ ቢሮ እጣ እናውጣ ብዬ ጻፍኩ፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሁሉም እሺ አሉ። አንዷማ «ተመስገን» ብላ ነው የመለሰችው። ልጆቼን ቅዳሜ አስቀምጬ አወራቸዋለሁ፣ ግን መጀመሪያ እኔ ለራሴ ላዝዘው የነበረውን ቦርሳ ሰርዣለሁ፣ የሦስቱ አባት ልጅ የተናገረው እኔም ቤት እንዳይደገም። ለወንድሞቼ ልጆች ያገለገለ ብስክሌት አግኝቻለሁ፣ ለሁለት ይጋሩታል፤ መጣላታቸው አይቀርም መቼም።

አማቴን ዛሬ ደውዬ ምን እንደሚያስደስታት በቀጥታ ጠየቅኳት። ዝም ብላ ቆየችና «የባሌ ፎቶ ክፈፉ ተሰብሯል፣ እሱን ብታሠሪልኝ» አለችኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ሻርፕ ስገዛላት ኖሬያለሁ።

መርፌና ክር፣ የእንጨት ክፈፍ የሚጠግን ሰው ታውቂ ይሆን? ወይስ ራሴ በሙጫ ልሞክረው?

መርፌና ክር

አንቺ ራስሽ ሞክሪው። የእንጨት ሙጫ ቀቢና ማእዘኖቹን በገመድ አጥብቀሽ እሰሪያቸው፣ እስከ ነገ አትንኪው። ፎቶውን ግን አስቀድመሽ አውጪ!