ሁለቱ ስፒከሮቼ ግራና ቀኝ መሆን እምቢ አሉኝ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ዓይነት ሞዴል የሆኑ ሁለት የብሉቱዝ ስፒከሮች አሉኝ። አንዱን የገዛሁት ዓምና ነው፤ ሁለተኛውን በቅርቡ የጨመርኩት ስቴሪዮ (አንዱ የግራውን፣ ሌላው የቀኙን ድምፅ እያወጣ) ለመስማት ብዬ ነው። ለየብቻ ሲሠሩ እንከን የላቸውም።

የሁለቱንም የማጣመሪያ ቁልፍ ተጭኜ ስይዝ ሰማያዊዋ መብራት ብልጭ ድርግም ትልና ትረጋለች፤ ሙዚቃውም ከሁለቱም ይወጣል። ነገር ግን የሚያወጡት አንድ ዓይነት ድምፅ ነው። ይህን ያወቅሁት ጊታሩ በግራ ብቻ የተቀዳበት ዘፈን ከፍቼ፣ ተንበርክኬ ጆሮዬን ከአንዱ ወደ ሌላው ሳመላልስ ነው። (የቤት ሰዎች ሳይታዘቡኝ አልቀሩም።)

በጆሮ ማዳመጫ ስሰማ ጊታሩ በትክክል በግራ ነው፤ ስለዚህ ስልኬ ግራና ቀኙን ወደ ሞኖ እየቀላቀለ አይደለም። ስልኩን ያገናኘሁት ከአንደኛው ጋር ብቻ ነው። የቀድሞ ግንኙነቶችን ሰርዤ ሁለቱንም ወደ ፋብሪካ ቅንብራቸው መልሻለሁ።

የአሮጌው ሶፍትዌር ከአዲሱ ወደ ኋላ ቀርቶ ይሆን? ወይስ የገባሁት ስቴሪዮ ሳይሆን፣ አንዱን ድምፅ ለብዙ ስፒከሮች የሚያሠራጨው አሠራር ውስጥ ነው? እንደዚያ ከሆነ ወደ ስቴሪዮ የሚቀየረው በቁልፍ ነው ወይስ በስፒከሮቹ የስልክ መተግበሪያ ብቻ? የደረሰበት ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።